መርዶ መንገድ ላይ አይነገርም

ጋሽ ኃይለጊዮርጊስ ኮፍያቸውን አውልቀው ሲጠሩኝ ነገሩ ገና ከሩቁ አላማረኝም። አሰልጣኛችን ያቺን ኮፍያ ተኝተው እንኳ የሚያወልቋት አይመስለኝም። እሑድ ማለዳ ነው። ካራ፣ የሴቶቹ ውድድር መነሻ ላይ ቆመናል፤ ብርዱ ጥርስ ያንገጫግጫል። እኔ ደግሞ ብርድ ላይ ሲያቆሙኝ ጠባዬ ይበላሻል። ሙቀት ላይም ቢሆን ያን ያህል የሚመሰገን ጠባይ የለኝም፤ ሲ.ኤም.ሲ የምሠራበት ፋርማሲ ደንበኞች ይመስክሩ።

«ሳጂዳ፣ አንድ ነገር ልነግርሽ ነው። ፊትሽ እንዳይለወጥ።»

«ኧረ ጋሼ! እንዲህ ከተባለማ እንዴት አይለወጥም?»

ወደ መኪናቸው ጀርባ ወሰዱኝ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «የሶሬቲ አባት ዐርፈዋል» አሉኝ። «ሌሊት ነው። አጎቷ ስምዖን አሁን ደወለልኝ።»

ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን። ቀና ስል ሶሬቲ መስመሩ አጠገብ ቁጢጥ ብላ የብስክሌቷን ካቴና ዘይት ትቀባለች፤ ከአንዷ ልጅ ጋር ምን እንደሚያወሩ እንጃ፣ ትስቃለች።

ሶሬቲ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነው የምትኖረው። ከሰኞ እስከ ዓርብ የሒሳብ መምህርት፣ እሑድ እሑድ ደግሞ የእኔ ጠላት ናት። እሳትና ጭድ ነን። ልምምድ አብረን እንወጣለን፣ ዝናብ አብሮ ይደበድበናል፣ የእንጦጦ ውሻ አብሮ ያባርረናል፣ ጎማ ሲፈነዳ ተረዳድተን እንለጥፋለን፤ ይህን ሁሉ የምናደርገው ግን እየተጨቃጨቅን ነው። ዳገት የእኔ ነው፣ ቁልቁለት የእሷ። ቁልቁለት ላይ ፍሬን የሚባል ነገር መኖሩን ትረሳለች። እኔ ግን ከእንጦጦ ስወርድ ከቁርዓን የማውቀውን ሁሉ በቃሌ እቀራለሁ።

አባቷ ይህን ጠባይዋን ያውቃሉ፤ ያውቁ ነበር ልበል እንጂ። ሸኖ የሚኖሩ፣ ዕድሜያቸውን በጭነት መኪና ሾፌርነት የጨረሱ ሰው ነበሩ። ከውድድር በፊት ሳይደውሉላት ቀርተው አያውቁም። የሚሉት አንድ ነገር ብቻ ነው። «ፍሬንሽን አይተሻል?» ይሏታል። እሷም «አይቻለሁ አባዬ» ትላለች። አለቀ። እንዴት አደርሽ የለ፣ በርቺ የለ። ስልኩን ዘግታ ሁለቱን የፍሬን እጀታዎች ጠቅ ጠቅ ታደርግና ትነሳለች። እኔም አጠገቧ ቆሜ «አባትሽ ትራፊክ ፖሊስ ናቸው እንዴ?» እያልኩ እስቅባት ነበር።

«እንንገራት እንጂ! ምን እንጠብቃለን ታዲያ?» አልኳቸው ጋሽ ኃይለጊዮርጊስን።

«እዚህ? አስፋልት ላይ?» ዓይናቸውን አፈጠጡብኝ። «መርዶ መንገድ ላይ ይነገራል እንዴ ልጄ? ዘመዶቿ ኮተቤ አጎቷ ቤት እየተሰበሰቡ ነው። ውድድሩን ትጨርስ፣ ቤት ትግባ፣ ቁጭ ትበል፣ እህል ትቅመስ። ያኔ ሽማግሌዎቹ ይነግሯታል። ቀብሩ ነገ ሸኖ ነው፤ ይዘዋት ይሄዳሉ።»

«እሺ፣ ዛሬ አትወዳደሪ ይበሏት።»

«ምን ብዬ? ብስክሌቷን አዘጋጅታ፣ ቁጥሯን ለብሳ የቆመችን ልጅ ያለ ምክንያት ውጪ ብላት ወዲያው ታውቀዋለች። አንቺ አጠገቧ ሁኚ። ማንም አፉ እንዳያመልጠው ተከላከዪ። በተለይ እንጦጦ አናት ላይ እንዳትሰማው። ሰው እንዲህ ያለ ነገር ሰምቶ ያንን ቁልቁለት በብስክሌት አይወርድም። አደራሽን።»

አደራ! ሰው እንዴት ለእኔ አደራ ይሰጣል? ነገር ሆዴ ውስጥ አያድርም። እናቴ ሰዓዲያ «ያንቺ ሆድ በር የለውም» የምትለኝ ወዳ አይደለም። ግን አደራ ከተባለ በኋላ ምን ይባላል? ሆድ ይፍጀው ብዬ ወደ መስመሩ ሄድኩ።

ሶሬቲ ገና ስታየኝ፣ «ስልኬን አየሽው? አባዬ አልደወለም» አለችኝ።

ከውድድር በፊት ስልኮቻችንን ጋሽ ኃይለጊዮርጊስ ሰብስበው መኪና ውስጥ ያስቀምጣሉ፤ የእሷን ግን ሁልጊዜ አባቷ እስኪደውሉ ድረስ ይተዉላት ነበር። ዛሬ ቀድመው ወስደውታል።

«ኔትወርክ የለም» አልኳት። በዚህ አገር ማንም የማይጠራጠረው ውሸት ይኼ ነው።

«እዚህ ነው ወይስ ሸኖ?»

«ሁሉም ጋ! አሁን ቴሌ ነኝ እንዴ እኔ? ተነሽና ቁሚ!»

ጮኼባት ስለማውቅ ጩኸቴ አላስገረማትም። ብስክሌቷ ላይ ወጣች። እጀታዎቹን ጠቅ ጠቅ ታደርጋለች ብዬ ጠበቅኩ፤ አላደረገችም። እጇን መሪው ላይ አስቀምጣ፣ ከፊት ለፊቷ ያለውን አስፋልት ዝም ብላ ታያለች። ፊሽካው ተነፋ።

መንገዱ የምናውቀው ነው። ከካራ በኮተቤ ወደ መገናኛ ወርደን፣ የካ ሚካኤልን አልፈን፣ በፈረንሳይና በጉራራ እንጦጦ እንወጣለን፤ ከዚያ ዞረን በመጣንበት እንመለሳለን። መነሻውም መድረሻውም ካራ ነው። አዘቦት ቀን ከሥራ በፊት የምንለማመደው እዚሁ ስለሆነ ጉድጓዱን ሁሉ በስሙ እንጠራዋለን። ወያሎቹም ያውቁናል። «መገናኛ ነው እህቴ? አንድ ሰው የቀረው!» ብሎ አንዱ ከታክሲው በር ላይ ተንጠልጥሎ ጮኸብኝ። ሌላ ቀን ቢሆን የእጁን እሰጠው ነበር። ዛሬ ዓይኔ ሶሬቲ ላይ ነው። አዲሱ የብስክሌት መስመር ላይ ሰው ሁሉ አለ፤ ፎቶ የሚነሳ፣ ሶምሶማ የሚሮጥ፣ ልጁን የሚያዝናና። አንዷ ሴትዮ ከሄልሜቴ ሥር ያለውን ሻሽ አይታ «ሂጃብ ለብሳ ሳይክል፣ ጉድ ነው!» ስትል ሰማኋት። እሷንም ማርኳት።

እዚህ ላይ ነው የተሳሳትኩት። ሆዴ ባባና የውሃ ጠርሙሴን አወጣሁ።

«እንኪ፣ ጠጪ።»

ሶሬቲ ዞራ ጠርሙሱን አየችው፣ ከዚያ እኔን አየችኝ። «ምን ጨምረሽበት ነው?»

«ውሃ ነው እንጂ ምን እጨምርበታለሁ?»

«ባለፈው ውሃ አልቆብኝ ስለምንሽ አጠገቤ መሬት ላይ የደፋሽው ሰው አይደለሽም? ምን ሆነሻል ዛሬ? አሞሻል?»

«ሰው ደግ መሆን አይችልም?»

«ሰው ይችላል። አንቺ ግን አትችይም።» አልሳቀችም። «ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል። ወደ ሰይጣንነትሽ ተመለሽልኝ፣ ታስፈሪኛለሽ።»

ያ አላህ! ደግነቴ ሊያጋልጠኝ ነው። ወዲያው ጠርሙሱን መለስኩና «ድሮም ለአንቺ ማሰብ! እንኳን ውሃ ምራቄንም አልሰጥሽ! ያቺ ጉልበትሽ ደግሞ ዛሬ እንጦጦ ሥር ነው የምትቀረው» አልኳት። ስሰድባት አፌ መራራ ሆነብኝ። እሷ ግን ትከሻዋ ላላ፤ «እንዲህ በይኝ» ብላ ወደ ፊቷ ዞረች። በሕይወቴ ሰው ስሰድብ ያዘንኩት ያን ጊዜ ነው።

ኮተቤ ስንቃረብ ደግሞ የድንኳን ብረት ከሩቅ አየሁ።

የሶሬቲ አጎት ቤት ከአስፋልቱ በስተቀኝ ነው፤ በሩ ሰማያዊ። እዚያ ስንደርስ ሶሬቲ ሁልጊዜ እጇን ታውለበልባለች፤ የአጎቷ ሚስት እትዬ ሒሩትም ደጅ ላይ ቆማ እልል ትላለች። ዛሬ እልልታም የለ፣ እትዬ ሒሩትም የለች። በሩ ላይ አንድ አይሱዙ ቆሟል፤ የእድር ሰዎች የድንኳን ብረት እያወረዱ ነው። እድር ሆዬ! ስብሰባ ሲጠራ ግማሹ «አሞኛል» የሚል እድር፣ ድንኳን ለመትከል ሲሆን ማንም አይቀድመው! መርዶ ሳይነገር ድንኳን የሚተክል ምን ዓይነት ጉድ ነው? አንድ ሰው እንኳ «ቆይ፣ ልጅቷ በዚህ መንገድ ታልፋለች» አይልም? ያን ጊዜ የእድሩን ዳኛ ባገኛቸው ሽማግሌ ናቸው አልልም ነበር።

ማሰቢያ ጊዜ አልነበረኝም። በቀኟ በኩል ገብቼ ከቤቱ ጋረድኳት፤ ትልቁን ማርሽ አስገባሁና «ወንድ ከሆንሽ ተከተዪኝ!» ብዬ ጮህኩ። ብስክሌቷ ላይ አቀርቅራ ከጎማዬ ተለጠፈች። አይሱዙውን፣ ብረቱን፣ ሰማያዊውን በር በአንድ ትንፋሽ አለፍናቸው። ከኋላችን ያሉት ልጆች «ምን ነካት ይቺ? ገና መገናኛ እንኳ አልደረስን!» እያሉ ያጉረመርማሉ። እውነታቸውን ነው፤ እዚያ ላይ ጉልበቱን የሚጨርስ ዕብድ ብቻ ነው።

አይታለች? አላየችም? ዞሬ ፊቷን ማየት ፈራሁ። እጇን ግን አላውለበለበችም።

የካ ሚካኤል ደጃፍ ከቅዳሴ የወጣው ሰው መንገዱን ሞልቶት ነበር። ነጠላ የለበሰ ሁሉ ዛሬ ስለ ሶሬቲ አባት የሚያውቅ መሰለኝ። አንድ ሽማግሌ እጃቸውን ወደ እኛ ሲያነሱ አለቀልን አልኩ፤ «በርቱ ልጆቼ!» ነበር የሚሉት። ከዚያ ፈረንሳይ፣ ከዚያ ጉራራ፣ ከዚያ ዳገቱ መጣ። እኔ ቀድሜ በለኮስኩት እሳት ግማሹ ሰው ኋላ ቀርቷል። ከፊት አራት ሆነን፣ ጥቂት ቆይቶ ሦስት ሆነን ቀረን፤ እኔ፣ ሶሬቲና ትሕትና።

ትሕትና የክለባችን ልጅ ናት፣ ልቧ ንጹሕ፣ አፏ ወንፊት። ጠዋት የጋሽ ኃይለጊዮርጊስ መኪና አጠገብ ቆማ እንደነበር ትዝ ያለኝ ዳገቱ መሐል ላይ ነው። ከሶሬቲ ጎን መጥታ፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ፣ «ሶርዬ፣ እግዚአብሔር…» ብላ ጀመረች።

«…ይርዳን በይ!» ብዬ ጮህኩባት። «ዳገቱ ገና ነው! ለወሬ የሚተርፍ ትንፋሽ ካለሽ አትቀድሚንም እንዴ? ወይ ቅደሚ ወይ ቅሪ፣ መሐላችን አትንጠልጠዪ!»

ልጅቷ ክው አለች። ዓይኔን አየችና ገባት፤ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ዝግ አለች። ብዙም ሳይቆይ ጉሙ ዋጣት። እኔና ሶሬቲ ብቻችንን ሆንን።

እንጦጦ በጉም ሲሸፈን ከባሕር ዛፉ የሚንጠባጠበው ውሃ ዝናብ ይመስላል። አስፋልቱ ረጥቧል። የሁለታችን ትንፋሽና የካቴናው ድምፅ ብቻ ነው የሚሰማው። ሌላ ጊዜ ይሄ ዳገት የእኔ ነው፤ እዚህ ላይ ነው ትቻት የምሄደው፣ እየሄድኩም ዞሬ የምስቅባት። ዛሬ ግን ጎን ለጎን እየወጣን ነው፤ እሷም ይህን ልብ ብላዋለች።

«ሳጂዳ።»

«አቤት።»

«አቤት?» አለች፤ እኔ ሶሬቲን አቤት ብያት አላውቅም። ከዚያ «ወላሂ በይ» አለችኝ።

«ምን ብዬ?»

«አባዬ ደህና ነው በይ። ወላሂ ብለሽ።»

እኔ ብዙ ኃጢአት አለብኝ። ምላሴ ስለታም ነው፣ ደንበኛ አስቀይማለሁ፣ ታናሽ ወንድሜን ኑዕማንን ያለ ጥፋቱ እጮህበታለሁ። በአላህ ስም በውሸት ግን ምዬ አላውቅም። ሶሬቲ ይህን ታውቃለች። አውቃ ነው የጠየቀችኝ።

«እኔ ሸኖ ነኝ እንዴ? በምን አውቃለሁ?»

«ወላሂ በይ አልኩሽ።»

«ዳገት ላይ መሐላ የለም! ትንፋሼን ተይልኝ!»

ጠበቀችኝ። አንድ ኩርባ ሙሉ ጠበቀችኝ። ማለት አልቻልኩም፤ አፌን ከፍቼ ነበር፣ አልወጣልኝም። ከዚያ በኋላ አልጠየቀችም።

አናቱ ላይ ባንዲራ የያዘው ዳኛ ቆሟል። ዞርን። ቁልቁለቱ ከፊታችን ጉም ውስጥ ገብቶ ይጠፋል። ሶሬቲ አንድ እግሯን መሬት አስነካች፤ በውድድር መሐል እንዲህ አድርጋ አታውቅም። ሁለቱን የፍሬን እጀታዎች ያዘች፤ ጠቅ፣ ጠቅ። ማንም አልደወለላትም። ከዚያ ተወርውራ ወረደች።

ቢስሚላህ ብዬ ተከተልኳት። ሌላ ቀን ቢሆን ኖሮ ትሂድ፣ የራሷ ጉዳይ እል ነበር። ዛሬ ከዓይኔ ከጠፋች የማገኛት ገደል ውስጥ ነው የሚል ፍርሃት ይዞኛል። ጀርባዋ ጉም ውስጥ ይገባል፣ ይወጣል። ፍሬን አትይዝም። መጀመሪያው ኩርባ ላይ አልያዘችም፤ ሁለተኛው ላይም አልያዘችም። «ሶሬቲ!» እያልኩ እጮኻለሁ፤ ንፋሱ አፌን ይዘጋብኛል። እንባዬ ይፈሳል፣ ከንፋሱ ይሁን ከሌላ አላውቅም። ያ ረቢ፣ ይቺን ልጅ ዛሬ ብቻ ጠብቅልኝ፣ ሁለተኛ አልሰድባትም እላለሁ።

ሦስተኛው ኩርባ ላይ የጭነት መኪና መሐል መንገዱን ይዞ እያጓራ ሲወጣ አየሁት። እሷ ያየችው ዘግይታ ነው። መሪውን ስትጠመዝዘው የኋላ ጎማዋ እርጥቡ ቅጠል ላይ ተንሸራተተ፤ ብስክሌቱ ጋደለ፤ እግሯ አስፋልቱን ፈገፈገ። ዓይኔን ጨፈንኩ፤ ቁልቁለት ላይ ዓይን የሚጨፍን እኔን አየሁ። ስከፍተው መኪናው አልፏል፤ ሶሬቲ ከመንገዱ ጠርዝ ላይ ሆና ብስክሌቷን እያቃናች ነው። ሾፌሩ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ እናት አባታችንን አንስቶ ሰደበን። አባቷን ባያነሳ ምን ነበረበት!

ከዚያ በኋላ ነገሩ ተለወጠ። ኩርባ ገና ሳትደርስ ፍሬን ትይዛለች፤ ኩርባው ውስጥ ስትገባ ትለቃለች። የሾፌር አነዳድ ነው። ልጅ ሳለች አባቷ ጋቢና አስቀምጠው ያስተማሯት እንደሆነ ነግራኝ ታውቃለች፤ በሥራ ላይ ስታውለው ግን ያየሁት ዛሬ ነው። እስከ ጉራራ ድረስ እንደዚያ ወረደች። አንዴ በክንዷ ፊቷን ጠረገች፤ ላብ ነው ብዬ ራሴን አሳመንኩ።

ከመገናኛ ወደ ኮተቤ ስንመለስ ንፋሱ ፊት ለፊት ገጠመን። ጉልበቴ አልቋል። ከሁሉም የከበደኝ ግን ያ ቤት ነው። አሁን በግራችን ነው የሚመጣው። ድንኳኑ ተተክሎ አልቋል፤ አግዳሚ ወንበሩ ተደርድሯል፤ ጋቢ የለበሱ ሰዎች ደጅ ላይ ቆመዋል። እንዳለኝ አቅም በግራዋ ገብቼ ልጋርዳት ተነሳሁ። አላስፈለገም። ሶሬቲ ድንኳኑ ጋ ሳንደርስ አንገቷን ወደ ቀኝ አዞረች። በቀኝ በኩል የተዘጋ ጎማ ቤት ነው ያለው፤ የሚታይ አንድም ነገር የለም። ድንኳኑ ኋላችን እስኪቀር ድረስ ያንን የተዘጋ ጎማ ቤት፣ ከእሱም ቀጥሎ ያለውን ባዶ አጥር ስታይ ቆየች።

ያላወቀ ሰው አንገቱን አያዞርም። ያኔ ገባኝ። ጠዋት ስንወርድ ብረቱን አይታዋለች። እኔ እንደ ዕብድ ስጋልብ፣ ስሰድባት፣ ትሕትናን ሳባርር፣ ሁሉንም እያወቀች ነበር። እንጦጦ ላይ ወላሂ በይ ያለችኝ ለማወቅ አልነበረም። የምታውቀውን ነገር ሐሰት ነው እንድላት ነው የለመነችኝ። እኔም አላልኳትም። ያን ጊዜ ብስክሌቱን ጥዬ መንገድ ዳር ቁጭ ብዬ ማልቀስ ነበር ያማረኝ።

ወደ ካራ የሚወስደው ዳገት መጣ። ዳገት የእኔ ነው ብያለሁ። አልዋሽም፣ ልቀድማት እችል ነበር። እግሬ ግን እምቢ አለኝ። ከኋላዋ ሆኜ የሚወጣ የሚወርደውን ጉልበቷን እያየሁ ወጣሁ።

መድረሻው ላይ የቆመውን ሰው አልጠበቅኩትም። ለአንድም ውድድር መጥተው የማያውቁት አጎቷ ጋሽ ስምዖን ከመስመሩ ወዲያ ቆመዋል። አጠገባቸው እትዬ ሒሩት ናት፤ ነጠላዋን አዘቅዝቃለች። ሦስት አራት ሽማግሌዎች አሉ፤ ሚኒባስ ተዘጋጅቶ ቆሟል። ሁሉም ያጨበጭባሉ። ጥርሳቸውን ነክሰው፣ እንባቸውን ይዘው ያጨበጭባሉ። እንዲህ ያለ ጭብጨባ አላህ ለጠላቴም አያሳየው።

ሶሬቲ መስመሩን አንደኛ ሆና አለፈች። እጇን አላነሳችም። ፍሬንም አልያዘችም።

ጋሽ ስምዖን እጃቸውን ዘርግተው «ነይ የእኔ ልጅ» እያሉ ነበር። በጎናቸው አለፈች። «ሶሬቲ! ቁሚ እንጂ!» አሉ ጋሽ ኃይለጊዮርጊስ፣ ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው እየሮጡ። ጭብጨባው ቆመ። እኔም መስመሩ ላይ ደረስኩ። ጋሽ ኃይለጊዮርጊስ አዩኝ። አደራው ገና አላለቀም ማለት ነው ብዬ ፔዳሉን መርገጤን ቀጠልኩ።

«ቁሚ አንቺ!» አልኳት ስደርስባት።

«አልቆምም።»

«አጎትሽ…»

«አየኋቸው። እትዬ ሒሩትንም አየኋት።» ድምፅዋ ደረቅ ነው፤ ዓይኗን ከመንገዱ አላነሳችም። «መርዶ መንገድ ላይ አይነገርም አይደል?»

«አይነገርም» አልኳት።

«እኔ መንገድ ላይ ነኝ። እስክቆም ድረስ ማንም አይነግረኝም። አንቺም እንዳትነግሪኝ።»

«የት ድረስ ነው የምትሄጂው ታዲያ?»

በአገጯ ወደ ፊት አሳየችኝ። ከካራ ወዲያ ያ መንገድ ለገጣፎ ነው፣ ከዚያ ሰንዳፋ፣ ከዚያ እየራቀ እየራቀ ሄዶ ሸኖ።

አብደሻል እንዴ፣ ውሃ የለን፣ ጉልበት የለን፣ ሰው እንጦጦን ወጥቶ ወርዶ ሸኖ በብስክሌት ይሄዳል ወይ የሚል ስድብ የተቀላቀለበት ንግግር አፌ ድረስ መጣ። ዋጥኩት። ወደ ኋላ ዞር ስል የጋሽ ኃይለጊዮርጊስ መኪናና ሚኒባሱ ተከትለውናል፤ መብራታቸውን ቦግ እልም እያደረጉ ቀስ ብለው ይመጣሉ። ጥሩንባ የነፋ የለም። ገብቷቸዋል ማለት ነው።

ወደ ፊት አለፍኩና ከፊቷ ገባሁ። «ከኋላዬ ግቢ። ንፋሱን እኔ እይዘዋለሁ።»

«ከመቼ ወዲህ?»

«ዝም ብለሽ ግቢ፣ ሐሳቤን ሳልቀይር።»

ገባች። ጎማዋ ከጎማዬ ሲጠጋ ተሰማኝ። እንዲህ ሆነን ምን ያህል እንደሄድን እንጃ። ወደ ለገጣፎ የሚወስደው ቁልቁለት አፋፍ ላይ ስንደርስ አንድ ነገር የጎደለ መሰለኝ። መውረድ አቃተኝ። አንገቴን ሳላዞር ጠራኋት።

«ሶሬቲ።»

«እ?»

«ፍሬንሽን አይተሻል?»

የካቴናችን ድምፅ ብቻ ነበር። ጋሽ ስምዖን የተቀመጡበት ሚኒባስ ከኋላችን ዝግ ብሏል። ከዚያ ሰማሁት፤ ጠቅ፣ ጠቅ።

«አይቻለሁ» አለች። «አይቻለሁ አባዬ።»

ከኋላዬ ድምፅዋን ለቅቃ ስታለቅስ እየሰማሁ፣ ፍሬኔን ይዤ ቁልቁለቱን ቀስ ብዬ ወረድኩላት።